ወደ ቦርድ ወንበር ከመቀመጥ በፊት፦ ያነበብኳቸው መጻሕፍትና ያዳመጥኳቸው ፖድካስቶች

ሙያዬ ሲቪል ምህንድስና ነው። ከ20 ዓመት በላይ በግንባታ ዘርፍ ስሠራ ቆይቼ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ጥቂት አክሲዮን በያዝኩበት አንድ ኩባንያ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቦርድ አባል ሆኜ ተመረጥኩ። የመጀመሪያው ስብሰባ ሊካሄድ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 180 ገጽ ሰነድ በቴሌግራም ደረሰኝ፤ የሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም፣ ኦዲት ያልተደረገ የሒሳብ መግለጫ፣ የሕንፃ ግዢ ሐሳብና ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በአንድ ላይ ታጅለው። እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አነበብኩ። ስለ ሕንፃው የተጻፈውን ክፍል እያንዳንዱን ቁጥር እየመዘንኩ ተከታተልኩት፤ የሒሳብ መግለጫው ላይ ስደርስ ግን ገጾቹን ከማገላበጥ በቀር ምን መፈለግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ስለ ሕንፃው ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ስለ ሒሳቡ አንድም አልጠየቅሁም፤ ሌሎቹም አልጠየቁም፤ ጸደቀ።

ከዚያ ስብሰባ የወጣሁት ነገሩ ከብዶኝ ነው፤ የሰው ገንዘብ ነውና። ከባለአክሲዮኖቹ መካከል ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ዐረብ አገር ሠርተው ያጠራቀሙትን የላኩ እህቶች፣ ለልጆቻቸው ብለው በየዓመቱ ጥቂት አክሲዮን የሚጨምሩ ነጋዴዎች እንዳሉ በጉባኤው ዕለት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ለቦርድ አባልነት ያዘጋጃሉ የሚባሉ መጻሕፍትንና ፖድካስቶችን እየፈለግሁ፣ ማታ ማታ ሳነብና መንገድ ላይ ሳዳምጥ ቆየሁ። የጠቀሙኝን፣ ያልጠቀሙኝንና ለእኛ አገር አሠራር የሚርቁትን እዚህ ላይ ለይቼ አቀርባለሁ። ሁሉንም የመዘንኩት በአንድ ሚዛን ነው፦ ይህን ካነበብኩ ወይም ካዳመጥኩ በኋላ በሚቀጥለው ስብሰባ የተሻለ ጥያቄ ጠይቄያለሁ ወይ? ጥያቄውንስ ይሉኝታ ሳይዘኝ በሰው ፊት ተናግሬዋለሁ ወይ?

ንባቡ መጀመር ያለበት ከነጋሪት ጋዜጣ ነው። የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከ60 ዓመት በላይ ሲሠራበት የቆየውን የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ በሚመለከቱት ክፍሎቹ ተክቷል። በቀድሞው ሕግ የአክሲዮን ማኅበር የቦርድ አባል መሆን የሚችለው ባለአክሲዮን ብቻ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ባለአክሲዮን ያልሆኑ ሰዎችም በተወሰነ መጠን እንዲመረጡ በር ከፍቷል፣ ከዳይሬክተሮች ቦርድ በተጨማሪ ተቆጣጣሪ ቦርድ ማቋቋም የሚቻልበትን መንገድም አምጥቷል። ይህ ማለት በሙያቸው ብቻ ተፈልገው ወደ ቦርድ የሚገቡ ሰዎች ቁጥር ይጨምራል ማለት ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በገበያው ላይ የሚመዘገብ ኩባንያ የቦርዱን አሠራር ለማያውቀው ሕዝብ ጭምር የማሳየት ግዴታ አለበት።

ሕግን እንደ መጽሐፍ መገምገም የሚያስገርም ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ካነበብኳቸው ሁሉ በገጽ ብዛት አንፃር ብዙ የሰጠኝ እርሱ ነው። አዋጁ ረጅም ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አያስፈልግም፤ ስለ አክሲዮን ማኅበር የሚናገረውን ክፍል ብቻ እርሳስ ይዞ በሁለት ወይም በሦስት ምሽት መጨረስ ይቻላል። የእንግሊዝኛው ትርጉም አጠገቡ ቢታተምም፣ ሁለቱ ሲለያዩ በሕግ የሚጸናው አማርኛው ስለሆነ በአማርኛው መጀመር ይሻላል። ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ የተመረጠ ሰው ደግሞ የብሔራዊ ባንክን የኩባንያ አስተዳደር መመሪያዎች ከንግድ ሕጉ እኩል ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

በተለይ አንድ ድንጋጌ ላይ ልቆይ። የተሻረው የ1952 ሕግ በአንቀጽ 364 ስለ ዳይሬክተሮች ኃላፊነት ሲናገር፣ ዳይሬክተሮች በጥፋታቸው በኩባንያው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ እንደሚሆኑ፣ የሚገባውን ጥንቃቄ ማድረጋቸውን የማስረዳት ሸክሙም በራሳቸው ላይ እንደሚወድቅ ይደነግግ ነበር። ከዚያም ቀጥሎ፣ ጥፋት የሌለበት ዳይሬክተር ቦርዱ በወሰነው ነገር አለመስማማቱን ወዲያውኑ በቃለ ጉባኤው መዝገብ አስፍሮ ግልባጩን ለኦዲተሮች ከላከ ከተጠያቂነት ነፃ ይሆናል ይል ነበር። ይህን ሳነብ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጫለሁ። በየስብሰባው ማብቂያ እየተዟዟረ የምንፈርምበት፣ አንዳንዴም ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ተጽፎ የሚመጣ ቃለ ጉባኤ በሕግ ፊት ይህን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም ነበር። አዲሱ የቦርድ አባል በአዲሱ አዋጅ የዳይሬክተሮች ኃላፊነት የተጻፈበትን ክፍል ከዚህ ጋር እያመሳከረ ቢያነብ፣ ፊርማውን የሚያኖርበትን ወረቀት ከዚያ ወዲህ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ከሕጉ ቀጥሎ ወደ ቁጥሩ ሄድኩ። ካረን በርማንና ጆ ናይት የጻፉት «ፋይናንሻል ኢንተለጀንስ» እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣና በ2013 የታደሰ መጽሐፍ ሲሆን፣ የተጻፈው ሒሳብ ላልተማሩ ሥራ አስኪያጆች ነው። መሠረታዊ ሐሳቡ የሒሳብ መግለጫ ውስጥ ያለው አብዛኛው ቁጥር ግምትና ውሳኔ ያለበት መሆኑ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት በራሴ ሙያ ምሳሌ ነው፤ አንድ ኤክስካቫተር 5 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ሲገመትና 10 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ሲገመት፣ ማሽኑ ያው ማሽን፣ የቆፈረውም አፈር ያው አፈር ሆኖ ሳለ የዓመቱ ትርፍ ግን ይለያያል። ከደንበኛ ያልተሰበሰበ ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ ይሰበሰባል ተብሎ ከታሰበ ሀብት ነው፣ አይሰበሰብም ተብሎ መጠባበቂያ ከተያዘለት ወጪ ነው። ግምቱን ማን ገመተው፣ ባለፈው ዓመት ከነበረው ለምን ተለወጠ ብሎ መጠየቅ የሒሳብ ዲግሪ አይፈልግም።

መጽሐፉን በአግባቡ ለመጠቀም የራስን ኩባንያ የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት አጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እኔ ስለ ጥሬ ገንዘብ ፍሰት የሚናገረውን ክፍል ሳነብ የእኛን መግለጫ ዘርግቼ የተጣራውን ትርፍና ከሥራ የተገኘውን ጥሬ ገንዘብ ጎን ለጎን በእርሳስ ጻፍኳቸው፤ ትርፉ በየዓመቱ ሲያድግ ጥሬ ገንዘቡ በየዓመቱ ሲቀንስ አየሁ። ያንን ምሽት አልረሳውም። መጽሐፉ ጉድለት አለው፤ ምሳሌዎቹ በአሜሪካ የሒሳብ ደንብ ላይ የቆሙ ናቸው፣ እኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ነው የምንከተለው፤ ስለዚህ የቃላትና የአቀራረብ ልዩነት ሲያጋጥም የኩባንያውን የፋይናንስ ኃላፊ መጠየቅ የግድ ይላል። ይህ ጉድለት ግን መጽሐፉን ከዝርዝሬ ሁለተኛ ቦታ አያወርደውም።

ቀጥሎ የማቀርበው መጽሐፍ እንኳ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን በፌት ለኩባንያው ለበርክሻየር ሀታዌይ ባለአክሲዮኖች በየዓመቱ ይጽፋቸው የነበሩ ደብዳቤዎች በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. የ2002 እና የ2019 ዓመታት ደብዳቤዎች ስለ ቦርድ የሚናገር ክፍል አላቸው። በ2002ቱ ላይ በ40 ዓመት ውስጥ ከራሱ ኩባንያ ሌላ በ19 ኩባንያዎች ቦርድ ማገልገሉን ይገልጽና፣ የባለአክሲዮኑን ጥቅም ይጎዳል ብሎ ያመነበት ሐሳብ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ዝም ማለቱን በግልጽ ያምናል። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ጨዋ ሰዎች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ዋና ሥራ አስኪያጁ ይቀየር ወይ ብሎ ማንሳት ወይም እርሱ የደገፈውን ግዢ መጠየቅ እጅግ የሚከብድ ነገር መሆኑን ይተርካል። እኛ ይህን ለመግለጽ አንድ ቃል ይበቃናል፤ ይሉኝታ። በፌት ያን ቃል ባያውቀውም፣ ስለ ይሉኝታ በውጭ ሰው ከተጻፈው ሁሉ እንደዚያ ክፍል እውነቱን የነገረኝ የለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሰብሳቢው አባት የሚሆነን ሰው ነው፤ ሌላው አባል የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ከአንዱ አባል ጋር የጋብቻ ዝምድና አለው፤ ሰርግና ለቅሶ ላይ እንገናኛለን። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ» ማለት ሰውን በሌብነት እንደመጠርጠር ሊቆጠር ይችላል። በፌት በዚያው ደብዳቤ የኦዲት ኮሚቴ ኦዲተሩን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን ይዘረዝራል፤ ለምሳሌ፣ ሒሳቡን አንተ ብቻህን አዘጋጅ ብትባል ኖሮ በሌላ መንገድ ታዘጋጀው ነበር ወይ የሚል አለበት። ጥያቄው ማንንም አይከስም፤ ኦዲተሩ ግን ያውቀውና ሳይናገር የቀረው ነገር ካለ እንዲናገር ያስገድደዋል። ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ መልሼ በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌአቸዋለሁ።

እነዚህን ካነበብኩ በኋላ በተደረገ ስብሰባ ላይ የሆነውን ላንሳ። የሒሳብ መግለጫው ቀርቦ ሰብሳቢው «አስተያየት ከሌለ እንለፈው» ሲሉ እጄን አወጣሁ። ከደንበኞች የሚሰበሰበው ሒሳብ በአንድ ዓመት ውስጥ ለምን ይህን ያህል እንዳደገና ከዚያ ውስጥ ከ6 ወር በላይ የቆየው ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። የፋይናንስ ኃላፊው ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለከተ። ከጎኔ የነበሩት አንጋፋ አባል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኢንጂነር፣ ይሄ ለማኔጅመንቱ ቢተው አይሻልም?» አሉኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መልሱ ዛሬ ባይገኝም ጥያቄው እንዲመዘገብልኝ ነው የምፈልገው» አልኩ። የጸሐፊው እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ነበር። ሰብሳቢው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ይመዝገብ፤ መልሱም ለሚቀጥለው ስብሰባ በጽሑፍ ይቅረብ» አሉ። መልሱ በጽሑፍ ሲመጣ፣ ገንዘቡ ከተጠራቀመባቸው ጥቂት ትልልቅ ደንበኞች ጋር አዲስ የክፍያ ስምምነት እንዲደረግ ቦርዱ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ቀድመው የመከሩኝ አንጋፋ አባልም ሐሳቡን ደገፉ።

ቦብ ጋራት የተባለው እንግሊዛዊ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው «ዘ ፊሽ ሮትስ ፍሮም ዘ ሄድ» ርእሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የምንለው ራሱ ነው። ጋራት የቦርድን ሥራ በአራት ይከፍለዋል፦ ፖሊሲ መቅረጽና አርቆ ማየት፣ ስልታዊ አስተሳሰብ፣ ማኔጅመንቱን መቆጣጠርና ተጠያቂነት። አንባቢውን ደጋግሞ የሚመልሰው ኩባንያን መምራትና ሥራን ማስተዳደር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ወደመሆናቸው ነው፤ በሙያቸው ጎበዝ የነበሩ ሰዎች ቦርድ ሲገቡ የሚያውቁትን የዕለት ሥራ ይዘው ስለሚገቡ ዋናው ሥራ ባለቤት ያጣል ይላል። እኔ በመጀመሪያው ስብሰባዬ ስለ ሕንፃው የጠየቅኳቸው ሁለት ጥያቄዎች ስለ ኮንክሪቱ ጥንካሬና ስለ መሠረቱ ዓይነት ነበሩ። ኩባንያው ሕንፃ ለምን አስፈለገው፣ ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል ምን ያስገኛል፣ ሻጩ ከማን ጋር ምን ግንኙነት አለው የሚሉት የቦርድ አባል ጥያቄዎች ነበሩ፤ አንዳቸውንም አላነሳሁም። መጽሐፉ አጻጻፉ ከባድ ነው፣ ምሳሌዎቹም በአብዛኛው የእንግሊዝ ናቸው፣ አንዳንድ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ካልተነበበ አይገባም። ቢሆንም ከሙያ ወደ ቦርድ ለሚሸጋገር መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም ጠበቃ ከዚህ የተሻለ መስታወት አላገኘሁም።

ራም ቻራን፣ ዴኒስ ኬሪና ማይክል ዩሲም እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት «ቦርድስ ዛት ሊድ» ከጋራት ይልቅ ለማንበብ ይቀላል። ቦርድ መቼ ራሱ መምራት እንዳለበት፣ መቼ ከማኔጅመንቱ ጋር አብሮ መሥራት እንዳለበት፣ መቼ ደግሞ ከመንገድ ገለል ማለት እንዳለበት ይለያል፤ በምዕራፎቹ ማብቂያ የሚሰጣቸው የማረጋገጫ ጥያቄዎችም ለሥራ የሚውሉ ናቸው። የሚናገረው ግን በአብዛኛው ዋና ሥራ አስኪያጅን በዓለም ገበያ አፈላልገው ስለሚቀጥሩ ግዙፍ ኩባንያዎች ስለሆነ፣ ግማሹን መጽሐፍ ከእኛ ሁኔታ ጋር ማገናኘት አልቻልኩም። ከማረጋገጫ ጥያቄዎቹ ተነሥቼ ያቀረብኩት አንድ ሐሳብ ግን ፍሬ አፍርቷል፤ ዛሬ በእኛ ቦርድ ደንብ የስብሰባ ሰነድ ከ7 ቀን በፊት ለአባላት መድረስ አለበት።

ከመመሪያ መጻሕፍቱ ሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን የውድቀት ታሪኮች ናቸው። ጆን ካሪሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ባድ ብለድ» ከጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ምርመራ እናደርጋለን ስላለው ቴራኖስ ስለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ይተርካል። በቦርዱ ውስጥ የቀድሞዎቹ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጆርጅ ሹልዝና ሄንሪ ኪሲንጀር፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ዊልያም ፔሪ፣ ጄኔራል ጄምስ ማቲስ ነበሩ። በስም ክብደት ከዚህ የሚበልጥ ቦርድ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ግን የላቦራቶሪ ምርመራን ከሥሩ የሚያውቅ አልነበረም። እጅግ ያሳዘነኝ የሹልዝ የልጅ ልጅ ታሪክ ነው፤ ኩባንያው ውስጥ ተቀጥሮ ያየውን ለአያቱ ሲነግራቸው አያቱ መሥራቿን አመኑ እንጂ እርሱን አላመኑትም። በ2018 ኩባንያው ፈረሰ፣ መሥራቿም በ2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች። ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ያንኑ ታሪክ ኤቢሲ ኒውስ በ2019 ባወጣው «ዘ ድሮፕአውት» በተባለው ፖድካስት ሊያዳምጠው ይችላል፤ መጽሐፉ ስለ ቦርዱ በይበልጥ ዘልቆ ይናገራል፣ ፖድካስቱ ደግሞ የሰዎቹን ድምፅ ያሰማል።

ቤታኒ ማክሊንና ፒተር ኤልካይንድ ኤንሮን በተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የጻፉት «ዘ ስማርተስት ጋይስ ኢን ዘ ሩም» ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ያነሳል። የኤንሮን ኦዲት ኮሚቴ ሰብሳቢ የሒሳብ ፕሮፌሰርና የስታንፎርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት የቀድሞ ዲን ነበሩ፤ እውቀት አልጎደለም። ሆኖም ቦርዱ በ1999 የፋይናንስ ኃላፊው ከኩባንያው ጋር የሚገበያዩ የራሱ ሽርክናዎች እንዲመራ የሥነ ምግባር ደንቡን በውሳኔ አነሣለት፤ በታኅሣሥ 2001 ኩባንያው በኪሳራ ለፍርድ ቤት አመለከተ። የጥቅም ግጭትን የሚከለክል ደንብ ያለው ቦርድ፣ ደንቡን እያወቀ ለአንድ ሰው ሲል ሊያነሣው እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም። መጽሐፉ ረጅም ነው፤ የመጨረሻውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ማንበብ ለዚህ ዓላማ ይበቃል። የዎል ስትሪት ጆርናል «ባድ ቤትስ» ፖድካስትም የመጀመሪያውን ሙሉ ተከታታይ (ሲዝን) ለኤንሮን ሰጥቶታል።

ከሁሉም ይበልጥ አዳምጡት የምለው ግን የቢቢሲ ሬድዮ 4ን «ዘ ግሬት ፖስት ኦፊስ ትራያል» ነው፤ ኒክ ዋሊስ ያዘጋጀው ይህ ፖድካስት እ.ኤ.አ. በ2020 መውጣት ጀመረ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ የሠራውን ሆራይዘን የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት በየቅርንጫፉ ዘረጋ። ሥርዓቱ በስሕተት ጉድለት ሲያሳይ፣ ገንዘቡን ሰረቃችሁ የተባሉት ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ነበሩ፤ እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። የራሳቸውን ቁጠባ አሟጠው ጉድለቱን የሞሉ፣ ቤታቸውን ያጡ፣ የታሰሩ አሉ። ፍርድ ቤት ለሥርዓቱ ስሕተት እውቅና የሰጠው በ2019 ነው፤ በሚያዝያ 2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የ39 ሰዎችን ጥፋተኝነት በአንድ ቀን ሰረዘ።

ፖድካስቱን ያዳመጥኩት ከአያት ወደ ሜክሲኮ በምመላለስበት መንገድ ላይ፣ ጠዋት አንድ ክፍል ማታ አንድ ክፍል እያልኩ ነው። አንዲት ሴት ቁልፍ በተጫነች ቁጥር ጉድለቱ በዓይኗ እያየች እጥፍ ሲሆንባት የምትናገርበት ክፍል አለ፤ ያን ቀን መሥሪያ ቤት ደርሼ ሞተሩን አጥፍቼ እስኪያልቅ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ለቦርድ አባል የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከአንድ መሥሪያ ቤት በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ድንገት ሌቦች ሆነው ሲገኙ፣ ከላይ የተቀመጡት ሰዎች «ሥርዓቱ አስተማማኝ ነው» የሚለውን የማኔጅመንት ሪፖርት እንዴት ለዓመታት ተቀበሉት? በእኛም አገር በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ደርሶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ጉዳዩ ከፖስታ ቤቱ ፈጽሞ የተለየ ቢሆንም፣ ሥርዓቱን ማን ይፈትሻል የሚለው ጥያቄ የቦርድ አጀንዳ መሆኑን አሳይቷል። ፖድካስቱ ስለ ቦርድ አሠራር ብሎ የሚያስተምረው ምዕራፍ የለውም። ውሳኔ ከታች ባለ ሰው ሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ግን ከሰውየው አፍ ያሰማል፣ ይህም ከየትኛውም መመሪያ መጽሐፍ የማይገኝ ነገር ነው።

ከአፍሪካ የተገኘውን ላንሳ። በዳኛ መርቪን ኪንግ የተመራው ኮሚቴ በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን የኩባንያ አስተዳደር ሪፖርት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አራተኛው «ኪንግ 4» 17 መርሆዎች አሉት፣ በነፃም ይገኛል። የመንግሥት ልማት ድርጅቶችን፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን፣ የጡረታ ፈንዶችን፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን የሚመለከቱ ተጨማሪ ክፍሎችም ስላሉት፣ በዕድር ማኅበር፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየን ወይም በበጎ አድራጎት ቦርድ ውስጥ የሚያገለግል ሰው ሳይቀር የሚጠቀምበት ነገር ያገኝበታል። ኪንግ ኩባንያው መርሆዎቹን ተግባራዊ ካደረገ በኋላ እንዴት እንዳደረገው እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጎ ማለፍ አይበቃም። ለንባብ ደረቅ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ መርሕ፣ ከራስ ቦርድ ጋር እያነጻጸሩ ቢሄዱበት ይሻላል።

ስለ ቦርድ ብቻ ከሚናገሩ ፖድካስቶች መካከል «ኦን ቦርድስ» እና የሳቢን ደምብኮውስኪ «ቤተር ቦርድስ» ይገኙበታል። ሁለቱም እንግዳ ጋብዘው ይጠይቃሉ። የደምብኮውስኪ ክፍሎች አጫጭር ናቸው፤ «ኦን ቦርድስ» ላይ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስለ ያዙ ሰዎች የሚናገሩት ክፍሎች ይጠቅማሉ። ችግራቸው እንግዶቹ የሚያገለግሉበትን ኩባንያ ገመና ስለማያወጡ ወሬው ብዙ ጊዜ በአጠቃላይ ሐሳብ ላይ መቅረቱ ነው፤ ጥቂት ክፍሎችን መርጦ ማዳመጥ ይበቃል። የኩባንያዎችን ታሪክ በሰዓታት የሚተነትነው «አኳየርድ» እጅግ አስደሳች ነው፣ የንግድ አስተሳሰብን ያሰፋል፤ ለቦርድ ሥራ ግን ቀጥተኛ ዝግጅት አይደለም። እንዴት ወደ ቦርድ መግባት እንደሚቻል፣ ራስን እንዴት ማስተዋወቅ እንደሚገባ የሚያስተምሩትን መጻሕፍት ሁለት ጀምሬ ሁለቱንም ተውኳቸው፤ ወንበሩን ስለ ማግኘት እንጂ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ብዙም አይናገሩም።

መጻሕፍቱን አዲስ አበባ ውስጥ በየመደብሩ ፈልጌ «ፋይናንሻል ኢንተለጀንስ»ን ብቻ አገኘሁ፤ ሌሎቹ ከአሜሪካ በመጡ ሰዎች ሻንጣ የደረሱኝ ናቸው። አዋጆቹ፣ የበፌት ደብዳቤዎች፣ «ኪንግ 4» እና ፖድካስቶቹ ግን ገንዘብ አይጠይቁም። ጉባኤው መርጦት የመጀመሪያው ስብሰባ ሦስት ሳምንት የቀረው ሰው ካለ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የንግድ ሕጉን ክፍልና የኩባንያውን መመሥረቻ ጽሑፍ፣ በሁለተኛው የበርማንንና የናይትን መጽሐፍ ከኩባንያው የኦዲት ሪፖርት ጋር፣ በሦስተኛው የበፌትን ሁለት ደብዳቤዎች ያንብብ፤ መንገድ ላይ የፖስታ ቤቱን ታሪክ ያዳምጥ። የጋራት መጽሐፍ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ፣ የራስ ልማድ መታየት ሲጀምር ቢነበብ ይሻላል። የእኔ ቅጂ አሁን በዚህ ዓመት ከእኛ ጋር በተመረጠች አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ እጅ ነው፤ እስከ አራተኛው ምዕራፍ ደርሳለች።